መርዶ ለጀርመናዊው ዘፋኝ

ሀበሻ መርዶ ሲነግር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነግሬ አውቃለሁ። ለዚያውም ለጀርመን። ለዚያውም ለዘፋኝ። ለዚያውም ነጭ ሱፍ ለብሰው መድረክ ሊወጡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፣ ከፈለጋችሁ ስደቡኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሮማን እባላለሁ። ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ የሰው ልጆች እጠብቃለሁ። ወላጆቻቸው ዴይኬር ይሉታል፣ እኔ ጦር ሜዳ ነው የምለው። ባሌ ግርማ ትራክ ስለሚነዳ ባል አለኝ የሚባለው በወሬ ነው። ቤዝመንታችንን አከራይተናል፤ ተከራያችን ደግሞ ጋሽ ዲተር ናቸው።

"ጋሽ" ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አፌ እምቢ ብሎኝ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ሰር እንደማለት ነው" ብዬ ነገርኳቸው። ደስታቸውን ብታዩ! አገራቸው የነፈገቻቸውን ማዕረግ ካስልሪጅ ላይ አገኙት።

በነገራችን ላይ ጋሽ ዲተር እንደኔና እንደናንተ ተራ ሰው አይደሉም። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ስማቸው የገነነ ዘፋኝ ነበሩ፤ የመድረክ ስማቸውም ሪኮ ላጉና ነው። አባታቸው ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። እሳቸውና ታናሽ እህታቸው ሄልጋ ሰርግ ላይ ሲዘፍኑ አንድ ፕሮዲዩሰር ሰማቸው። ሰውየው ሁለቱንም አዳመጠና ድምፅ ያላት ሄልጋ መሆኗ ወዲያው ገባው፤ ስለዚህ ጋሽ ዲተርን ከፊት አቆማቸው። ጥርሳቸው ያምር ነበር። ሄልጋ ከኋላ ሆና ትቀበል ጀመር። ስማቸውን ቀየረው፣ ፊታቸውን በመብራት ጠብሶ አጠየመው፣ ስለ ባሕር የሚዘፍን ጣልያን አስመሰላቸው። "ነገ ባሕሩ ይመለሳል" የሚለው ዘፈን አገሩን አዳረሰው። ጋሽ ዲተር ያን ጊዜ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ከዚያ ፋሽን ተቀየረ፣ ሬዲዮኑም ረሳቸው። የቴሌቪዥኑ ኮከብ አዲስ የቤት ዕቃ መደብር ሲመረቅ ሶፋ መሃል ቆመው ስለ ባሕር መዝፈን ጀመሩ። ቀጥሎ የቱሪስት መርከብ ላይ ተቀጠሩ፤ ባሕሩን ያኔ አዩት፣ ግን አልተስማሙም፣ ያስታውካቸው ነበር። በመጨረሻ ካናዳ ላሉ ጀርመኖች ሊዘፍኑ መጥተው፣ እዚሁ ካልጋሪ ዳቦ ቤት ያላት ሴት አግብተው ቀሩ። ሚስታቸው ስትሞት ዳቦ ቤቱም ቤቱም ተሸጠ፤ ሪኮ ላጉናም ቤዝመንታችን ገቡ።

እሑድ እሑድ ጠዋት ለሄልጋ ይደውላሉ። ስልኩ ላይ ሁለቱም አብረው ያንኑ ዘፈን ይዘፍናሉ። እኔ ላይ ቤት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስለብስ በማሞቂያው ቀዳዳ ድምፃቸው ይመጣልኛል። የሁለት ሽማግሌዎች ድምፅ ነው፤ ግን የእሷ ሲገባ አለ አይደል፣ እጄ ቀሚሴ ላይ ይቀራል።

ያን ሳምንት የጀርመኖቹ ክለብ ለጋሽ ዲተር የመሰነባበቻ ኮንሰርት አዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ዘፋኝ ናቸውና ከሰኞ ጀምሮ ድምፃቸውን ማሳረፍ ያዙ። አይናገሩም። ስልካቸውም ተዘግቷል። ከዴይኬሬ ባዋስኳቸው የልጆች ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነው የምንግባባው።

ረቡዕ ጠዋት የማላውቀው ስልክ ተደወለልኝ። የሄልጋ ልጅ፣ ኡተ ነበረች።

"አጎቴ ስልክ አያነሳም" አለችኝ። "እናቴ ዛሬ ሞተች። እባክሽ ንገሪው። ቀብሩ ማክሰኞ ነው፤ መምጣት ከፈለገ ዛሬውኑ መዘጋጀት መጀመር አለበት።"

በቃ! ይኸው ነው። መግቢያ የለው፣ መዳረሻ የለው። "ወይኔ!" ብዬ ስጮህ ጭራሽ እሷ እኔን ታጽናናኝ ጀመር። "ታውቂያት ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ አላውቃትም። እነግራቸዋለሁ፣ ኦፍ ኮርስ" አልኳት።

ፈረንጅ "ንገሪው" ሲል ደረጃውን ወርደሽ ንገሪው ማለቱ ነው። ሀበሻ "ንገሪው" ሲባል ግን ሽማግሌ ሰብስቢ ማለት ነው። እኔም ደረጃውን መውረድ ትቼ ለእድራችን ሊቀመንበር ለጋሽ ታፈሰ ደወልኩ።

"ነገርሻቸው እንዴ?" አሉ ደንግጠው።

"ኧረ አልነገርኩም!"

"ጎሽ፣ ያሳደገሽ ይባረክ። አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ብቻቸውን ባዶ ቤት ልባቸው ቀጥ ቢልስ?"

ሥራ እንዳበቃ ኩሽናዬ ውስጥ ተሰበሰብን። እህት የሞተችባቸው ሰው ከእግራችን ሥር ናቸው፤ እኛ ከላያቸው እንንሾካሾካለን። መርዶ በማለዳ፣ በሰው ተከቦ መነገር እንዳለበት ማንም አልተከራከረም። ጥያቄው የትኛው ማለዳ የሚለው ነበር። ሐሙስ ጋሽ ታፈሰ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ዓርብ እትዬ አልማዝ፣ የጴንጤዎቹ ተወካይ በሏቸው፣ ደብል ሺፍት አለባቸው። ቅዳሜ ኮንሰርት ነው። እሑድ ሁሉም ኦፍ ነው፤ ግን ግማሹ ቅዳሴ፣ ግማሹ አምልኮ አለው። ስለዚህ "እሑድ ማለዳ፣ ከምሳ በኋላ" ተባለ። አትሳቁ፣ ካልጋሪ ላይ ማለዳ የሚነጋው እንደ ሺፍቱ ነው።

ከዚያ ደግሞ ማን ይጸልይ የሚል ክርክር ተነሳ። "ሰውዬው ሃይማኖታቸው ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ታፈሰ።

"ሉተራን ናቸው መሰለኝ" አልኩ።

"በሉ እንግዲህ፣ የኛ ናቸው" አሉ እትዬ አልማዝ፣ ዕቁብ እንደደረሰው ሰው ፊታቸው በርቶ።

"ቀብሩኮ ማክሰኞ ነው" አልኩኝ። "ቲኬት አለ፣ ፓስፖርት አለ…"

ጋሽ ታፈሰ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ የሞተ ሰው ማን ቀረብኝ ብሎ አይቆጥርም። የሚያሳስበው በሕይወት ያለው ነው።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። እኛ ጥሩ አነጋገር ካገኘን ማሰብ እናቆማለን።

በማግስቱ ማዘጋጀት ተጀመረ። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ "ትንሽ አሟታል" ይባላል። ጋሽ ታፈሰ የልጅ ልጆቻቸውን አድርሰው መጡና ቤዝመንት ወረድን። ጋሽ ዲተር ሞቅ አድርገው ተቀበሉን። ጋሽ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ "ሄልጋ ትንሽ አሟታል ይባላል" አሉ።

እስቲ ፍረዱኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሀበሻ ብትነግሩት ሳትጨርሱት ደረቱን ይመታል። ጋሽ ዲተር ሰሌዳቸውን አንስተው "ምኗን?" ብለው ጻፉ።

ጋሽ ታፈሰ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ አፌ ላይ የመጣልኝን "ጉንፋን" አልኩ።

ጋሽ ዲተር ፈገግ አሉ። "ሎሚ ትጠጣ። እሑድ እደውላለሁ" ብለው ጻፉና ሥሩ ላይ ትንሽ አበባ ሳሉበት።

ደረጃውን ስንወጣ ጋሽ ታፈሰ ክንዴን ያዙኝ። "ገብቷቸዋል" አሉ።

"ምኑ ነው የገባቸው?"

"ዓይናቸውን አላየሽም? ሰው እኮ ሰው ነው። ገብቷቸዋል።"

ከታች ጋሽ ዲተር ለብ ያለ ውኃ ጉሮሯቸው ውስጥ እያንኮራኮሩ ነበር፤ በደስታ።

ከዚያ ምግቡ ይጎርፍ ጀመር። እትዬ አልማዝ ከሁለት ሺፍት መሃል ዶሮ ወጥ ሠርተው መጡ። ሌላው ላዛኛ፣ ሌላው አምባሻ። እያንዳንዱ ወርዶ ጋሽ ዲተርን አንጀት በሚበላ ዓይን አይቷቸው ይወጣል። እሳቸው ሁሉም ለኮንሰርቱ የመጣ መስሏቸው "ዳንከ! ዳንከ!" እያሉ በጀርመንኛ ምስጋና ይጽፋሉ። ሀበሻ ሙዚቃ እንዲህ ይወዳል ብለው አላሰቡም ነበር።

ዓርብ ኡተ መልሳ ደወለች። "እንዴት ተቀበለው? ለምን አልደወለልኝም?"

"ማዘኑንማ በጣም አዝነዋል" አልኳት። ምላሴ ይቆረጥ።

"ይመጣል?"

"እየተነጋገርንበት ነው።" ይኼ እንኳ እውነት ነበር። ከእሳቸው በስተቀር ሁሉም ተነጋግሮበታል።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ዲተርን ወደ አዳራሹ የምነዳቸው እኔ ነበርኩ። ነጭ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ነስንሰው፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ አስተኝተው መኪና ውስጥ ገቡ። በሩን እንደዘጉ ተናገሩ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

"ሮማን፣ ዛሬ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ሰው ሁሉ ሪኮ ላጉና ሪኮ ላጉና ይላል። ዜማውን ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ? ሄልጋ ናት። ኩሽና ውስጥ፣ ድንች እየላጠች። የእኔ ስም ተጻፈበት። አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሎኛል አላለችም።"

እኔ መሪውን ጨብጬ ነዳሁ።

"ዛሬ መድረክ ላይ ባለቤቷ እሷ ናት ብዬ እናገራለሁ። አንቺ ደግሞ የመጨረሻው ዘፈን ሲጀመር ደውይላትና ስልኩን ወደ ላይ ያዢልኝ። እዚያ መሽቶ ይሆናል፤ ግን ቅዳሜ እስክደውል ነቅተሽ ጠብቂኝ ብያታለሁ። አደራ፣ አትረሺብኝ።"

እግዚኦ! እንግዲህ እኔ ነኝ የምደውለው። ለማን? መብራት ላይ ስቆም ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ ሲያደርግብኝ መልሼ ዘጋሁት።

አዳራሹ ስንደርስ የባሰው ጠበቀኝ። ለካ ጋሽ ታፈሰ በቴክስት ፕሮግራሙን ቀይረውታል። "ቅዳሜ ብዙ ሰው ኦፍ ስለሆነ ዝግጅቱ እንዳለቀ እዚያው ይነገራቸው" ብለዋል። እድሩ በሙሉ ነቅሎ መጥቶ የፊተኛውን ወንበር ይዟል፤ ሴቶቹ ጥቁር በጥቁር፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮትና ነጠላ። ከኋላቸው ጀርመኖቹ ጥልፍ ሸሚዝና የቆዳ ቁምጣ ለብሰው፣ ቢራቸውን ይዘው፣ እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ ብለው ያያሉ።

ልብስ መቀየሪያ ተብሎ የተሰጣቸው ክፍል የወንበር ማስቀመጫ ነበር። ጋሽ ዲተር መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ተመለከቱ። ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ሮማን፣ ወገኖችሽን አየሻቸው? ለእኔ ብለው ክታቸውን ለብሰው መጡ! እንዲህ አክብሮኝ የመጣ ተመልካች በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።"

በቃኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"ጋሽ ዲተር፣ ሄልጋ ሞታለች።"

እጃቸው መጋረጃው ላይ ቀረ። "ጉንፋን ነው ብለሽኝ…"

"ጉንፋን አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ነው ያረፈችው። ኡተ ደውላልኝ ነበር።"

"ረቡዕ።" ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። "ማን ያውቃል?"

"ሁላችንም።"

"ዶሮ ያመጣችልኝ ሴትዮ?"

"አዎ።"

"ያ መነጽር ያለው ሽማግሌ?"

"አዎ። ለእርስዎ አስበን ነው። ባህላችን ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳይደነግጥ…"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ሁላችሁም እህቴን ስታለቅሱላት እኔ ብቻ በሕይወት ያለች መስሎኝ ጉሮሮዬን ሳጥብ ሰነበትኩ። ቁጭ ብላችሁ አያችሁኝ። ቀብሩ መቼ ነው?"

"ማክሰኞ።"

"ፓስፖርቴ ጊዜው አልፏል። ረቡዕ ብትነግሪኝ ኖሮ ሐሙስ ቢሮው በር ላይ አድር ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ዝግ ነው። ነገም ዝግ ነው።" የቀሩትን ቀናት ሊቆጥሩ ጣታቸውን ማጠፍ ጀምረው ተዉት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያች የወንበር መጋዘን ውስጥ የተናደድኩት በራሴ ብቻ አይደለም። አባቴ ሲሞቱ አራስ ነበርኩ። ባሌም፣ ወንድሜም፣ ጋሽ ታፈሰም ያውቁ ነበር። ገንፎ እያበሉኝ፣ እያሳቁኝ፣ ልጄን ጡት እስካስጥል ድረስ ደበቁኝ። ሲነግሩኝም ስላሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አመሰገንኩ፤ ወጉ ነዋ። ጋሽ ዲተር "ቁጭ ብላችሁ አያችሁኝ" ሲሉ ግን ያን ጊዜ እኔም ስስቅ እንዴት ያዩኝ እንደነበር ታወሰኝ። ከዓመታት በኋላ፣ ጀርመኖች አዳራሽ ውስጥ፣ ለአባቴ ተናደድኩ።

ጋሽ ዲተር ተነስተው ኮታቸውን አስተካከሉ። "ይቅርብዎት፣ እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኳቸው።

"አንቺ ስትነግሪ አይቻለሁ" ብለውኝ ወጡ።

ሌላውን ሁሉ ዘፈን ትተው ለኪቦርድ ተጫዋቹ "ነገ ባሕሩ ይመለሳል"ን አዘዙት። ሙዚቃው ተጀመረ። ጀርመኖቹ እንደ ልማዳቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። የፊተኛው ድምፅ መግባት ያለበት ቦታ መጣ፣ ጋሽ ዲተር ዝም። ኪቦርዲስቱ ተደናግጦ ቀና አለ። ጭብጨባው ሳሳ። ከዚያ የሄልጋ ቦታ ሲደርስ ገቡ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዘፈኑት የእሷን ብቻ ነው፤ የራሳቸውን ባዶ ተዉት። ሲያበቃ ማይኩን ይዘው በጀርመንኛ አጭር ነገር ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በእንግሊዝኛ ደገሙት፤ "የዚህ ዘፈን ባለቤት እህቴ ሄልጋ ናት። ረቡዕ ሞተች። ድምፁ እሷ ነበረች፣ እኔ ሱፉ ነበርኩ።"

"ወይኔ ሄልጋዬ!" ብለው እትዬ አልማዝ ተነሱ። በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። እድሩ ተከተለ። እውነተኛ ልቅሶ ሆነ፤ ጀርመኖቹ ቢራቸውን አስቀምጠው ቆሙ፣ አንዷ አሮጊት ከእትዬ አልማዝ ጋር ተቃቅፋ አለቀሰች። ጋሽ ታፈሰ ለጸሎት ያዘጋጁትን ንግግር ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙ ቀሩ።

ማክሰኞ ቀብሩን በስልክ አየነው። እዚህ ገና እየነጋ ነበር፤ ስለዚህ እድራችን በመጨረሻ በወጉ፣ በማለዳ ተሰበሰበ። ጋሽ ዲተር ኩሽናዬ ውስጥ መሃል ተቀምጠው፣ ሬሳ ሳጥኑ ሲወርድ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። እትዬ አልማዝ ሌላኛውን እጃቸውን ይዘው ነበር፤ አልነጠቋቸውም። ሰው ሲወጣ ግን ጋሽ ታፈሰን አስቁመው፣ "መምጣታችሁ ጥሩ ነው። መደበቃችሁ ግን ጥሩ አይደለም። ሁለቱን ለዩ" አሏቸው። ጋሽ ታፈሰ እስከ ዛሬ ሰውዬው ባህል አያውቁም ይላሉ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ባህሌን አልጥልም። ሰው ብቻውን ሲያዝን ማየት ይዘገንነኛል፤ ሬሳ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላ ሥራ የሚገባበት አገር ውስጥ እድሬን በምንም አልለውጠውም። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ እስካሁን ሰው የደበቃችሁ? ስንቶቻችሁ ናችሁ ከቀብር ያስቀራችሁት ሰው መልሶ ያመሰገናችሁ? የሰው ሐዘን የሰውየው ነው። ለመስጠት ወረፋ አይያዝለትም።

እኔ አዲስ አበባ ጉለሌ እናት ነበረችኝ። ጋሽ ዲተር አኩርፈውኝ ከታረቁኝ በኋላ አንድ ቀን ለመንኳቸው፤ "ወንድሜ የእርስዎን ስልክ ይዟል። እናቴ አንድ ነገር የሆነች ቀን ለማንም ሳይሆን ለእርስዎ ይደውላል። ወዲያው ይንገሩኝ።"

"ሥራ ላይ ብትሆኚስ?" አሉኝ።

"ልጆቹ መሃልም ብሆን።"

ባለፈው ሰኔ፣ ልጆቹን ምሳ ሳበላ ደረጃውን ወጡ። ፊታቸውን አይቼ ማንኪያውን ጣልኩት።

"ሮማን፣ እናትሽ ዛሬ ሞታለች" አሉኝ። "በጣም አዝናለሁ። ሂጂ ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ።"

እየጮኽኩ ደረጃውን ወጣሁ። ከታች ሪኮ ላጉና የደነገጡትን ልጆች ሰብስበው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ሲዘፍኑላቸው እሰማ ነበር። እድሩ የሰማው አውሮፕላን ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ እንዴት ያለ እኛ ትሰማለች ብለው እስከ አሁን ተቀይመዋል። ይቀየሙ። እኔ ከቀብሩ በፊት ደርሻለሁ።